ጦሩን የሰቀለ እጅ ሎህ ሲያነሳ፦ ሸይኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈርን ስናስታውስ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ስልካችሁን እየነካካችሁ የምታልፉት ሳይሆን ቡና ተፈልቶ እስኪቀርብ ድረስ ቁጭ ብላችሁ የምታነቡት እንዲሆን ነው የጻፍኩት። አደራ፣ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ዝለቁ።

በልጅነቴ ሐይቅ ላይ ቁርኣን ያቀሩን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሁላችንም «ሸህዬ» ነበር የምንላቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ በሕይወት ሳሉም ስማቸው እንዲነሳ የሚወዱ ሰው አልነበሩም። ቀኝ እግራቸውን ያነክሱ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ገበሬው ለሚሊሻ ሲመለመል ከአምባሰል ተነስተው፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው፣ ወደ ኦጋዴን ዘምተዋል። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ሲበሠር እሳቸው እግራቸው ተመትቶ ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር።

እኛ ልጆች ነንና የምንጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ሸህዬ፣ ጦርነቱ እንዴት ነበር?» እንላቸዋለን። እሳቸው ደግሞ በያዟት ቀጭን ዘንግ ሎሁን ይጠቁሙና «ይችን ፊደል ማን ትላታለህ?» ይሉናል። ጦርነቱ በዚያው ያበቃል።

አድጌ በመስጂዳችን የኢማሙ ረዳት ስሆን ታሪካቸውን ልጽፍላቸው ቃል ገባሁ። ደብተር ገዛሁ። መጀመሪያ «ከረመዷን በኋላ» አልኩ። ከዚያ «ከዒድ በኋላ»፣ ከዚያ «ከዐረፋ በኋላ» አልኩ። አንድ ቀን ከሱብሒ ሶላት በኋላ መልእክት መጣ፤ ሸህዬ ወደ አኺራ ሄደዋል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ደብተሩ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

ከጀናዛው በኋላ ልጃቸው አንድ ያረጀ የትምህርት ቤት ደብተር አሳየኝ። የጦር ሜዳ ማስታወሻ መስሎኝ ልቤ ዘለለ። ስከፍተው ግን የልጆች ስም ዝርዝር ነው። በየዓመቱ ያቀሯቸው ልጆች ስም፣ ከስሙ ጎን ደግሞ ልጁ የደረሰበት ሱራ። የእኔም ስም አለ። ያሲን ላይ ቆሜያለሁ።

ይህ ጸጸት ነው ዛሬ ስለ አንድ ትልቅ ሰው እንድጽፍ ያስገደደኝ። እሳቸውም ተዋጊ ነበሩ፤ እሳቸውም መምህር ነበሩ። ስማቸውን ብዙዎቻችን በመንዙማ ውስጥ ሰምተነዋል፤ ሕይወታቸውን ግን ጥቂቶቻችን ነን የምናውቀው። ሸይኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ረሒመሁላህ።

1. ቦሩ ሜዳ፣ 1870 ዓ.ም.

ሸይኽ ጦልሃን ለማወቅ መጀመሪያ ቦሩ ሜዳን ማወቅ ያስፈልጋል። ቦሩ ሜዳ ከደሴ ብዙም የማይርቅ፣ ዛሬ ብዙዎቻችን በሆስፒታሉ የምናውቀው ስፍራ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ትልቅ ጉባኤ ጠሩ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኝተው ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጉባኤው በመጀመሪያ የተቀመጠው በክርስቲያኖች መካከል የነበረውን የውስጥ የሃይማኖት ክርክር ለመቁረጥ ነበር። «ሦስት ልደት» የሚባለውን ትምህርት የያዙ ክርስቲያኖች ተሸነፉ፤ ትምህርታቸውን እንዲተዉም ተገደዱ። ከዚያ ቀጥሎ ዐዋጁ ወደ እኛ ዞረ። ሙስሊሞች በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠመቁ ታዘዘ። ሹመት ያለው ሰው ወይ ይጠመቃል፣ ወይ ሹመቱን ይለቃል ተባለ።

አፄ ዮሐንስ ለምን ይህን አደረጉ? ታሪክ ስንማር ጥላቻችንን ብቻ ይዘን መግባት የለብንም፤ ምክንያቱንም እንመርምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራዕ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው ነበር። አገር የሚጸናው በአንድ ሃይማኖት ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ በሁለት የሙስሊም ኃይሎች መካከል እንዳሉም ይሰማቸው ነበር። ይህ ምክንያታቸውን ያስረዳናል እንጂ ድርጊቱን ትክክል አያደርገውም። ሰውን በግዴታ ከእምነቱ ማውጣት በደል ነው፤ ያኔም በደል ነበር፣ ዛሬም በደል ነው።

ከወሎ መሪዎች ሁለቱ ትልልቆቹ ተጠመቁ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ራሳቸው አፄ ዮሐንስ ሆኑ። ኢማም አመዴ ሊበን ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ምኒልክ ሆኑ።

ሕዝቡስ? የሕዝቡ መንገድ ብዙ ነበር። አንዳንዱ ላይ ላዩን ተቀብሎ ቤቱ ገብቶ ይሰግዳል። በዚያ ዘመን አገራችን የነበረው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ማሳያ፣ ተጠምቀው ሲወጡ በቀጥታ ወደ መስጂድ ሄደው ጥምቀቱን «ያስፈቱ» የነበሩ ሰዎች እንደነበሩ ጽፏል። «ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም» የሚባለው አነጋገርም ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ የሚነገር ነው። አንዳንዱ ልጁንና ከብቱን ይዞ ወደ ደቡብ ተሰደደ። አንዳንዱ ደግሞ ጦር አነሳ።

2. ጦር ያነሱት ዓሊም

ሸይኽ ጦልሃ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1853 ገደማ ነው። ቦሩ ሜዳ ላይ ዐዋጁ ሲታወጅ ዕድሜያቸው ሃያ አምስት አካባቢ ነበር ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ዛሬ ያላችሁበት ዕድሜ ነው። ወታደር ሆነው አላደጉም፤ ኪታብ የቀሩ ዓሊም ነበሩ። ዐዋጁ ሲጠነክር ግን ኪታቡን አጥፈው የወሎ ሙስሊሞችን የትጥቅ ተቃውሞ ከመሩት ዋነኛው ሆኑ።

በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወሎ ታመሰች። አመፅ ይነሳል፣ ጦር ይመጣል፣ መንደር ይቃጠላል፣ ሰው ይሰደዳል። የተጎዳው አንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ጦርነት ሁሉ እንደሚያደርገው ያኛውም ጦርነት ገበሬውን፣ ሴቱን፣ ሕፃኑን ነው የበላው። የዘመኑን ታሪክ ስናነብ የእኛን ሰዎች ጀግንነት ብቻ እየለቀምን የሌላውን እንባ መዝለል አይገባም።

ጦርነቱ እስከ መቼ ዘለቀ? አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ምኒልክ እዚሁ አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ፣ ከጣሊያን ጋር ያንን የታወቀ ውል ተፈራረሙ። አገሪቱ ሌላ ዘመን ውስጥ ገባች። ምኒልክ የማጥመቁን ዐዋጅ አልገፉበትም። ሰው ወደ ቀየው፣ ወደ መስጂዱ፣ ወደ ደርሱ መመለስ ጀመረ።

ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ያው የወሎ ሰው በራስ ሚካኤል መሪነት ዐድዋ ላይ ተሰለፈ። የወሎ ፈረሰኛ በዚያ ቀን የሠራውን ታሪክ መዝግቦታል። ትናንት በእምነቱ የተገፋ ሕዝብ፣ አገር ስትወረር «የራሳችሁ ጉዳይ» ብሎ ቤቱ አልተቀመጠም። ይህንን ለልጆቻችን ስንነግር ደረታችንን ነፍተን ሳይሆን ራሳችንን ዝቅ አድርገን መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለ ልብ ቀላል አይደለምና።

3. አሥራ አንድ ዓመት እና አርባ ሰባት ዓመት

እስቲ አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ።

ከቦሩ ሜዳ እስከ መተማ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ሸይኽ ጦልሃ ግን አፄ ዮሐንስ ከሞቱ በኋላ እስከ 1936 (እ.ኤ.አ.) ኖረዋል። ጣሊያን ደሴን የያዘበት ዓመት መሆኑ ነው። ከመተማ በኋላ የኖሩት አርባ ሰባት ዓመት ነው። መከራው ሲያበቃ ዕድሜያቸው ሠላሳ ስድስት ገደማ ነበር። ልክ እንደ እኔ በሠላሳዎቹ።

ስለ ሸይኽ ጦልሃ ስንናገር የምናወራው ስለ አሥራ አንዱ ዓመት ነው። የጦርነት ወሬ ይጣፍጣል፤ ጆሮ ይስባል፤ ላይክም ያመጣል። ከእሳቸው ለእኛ የደረሰው ግን ከጦሩ ወገን አይደለም። የያዙት ጦር ዛሬ የት እንዳለ የሚጠይቅ እንኳ የለም። የደረሰን በአማርኛ ያዘጋጁት መንዙማና ያስተማሩት ትምህርት ነው።

ስለ መንዙማ ያለን አመለካከት እንደሚለያይ አውቃለሁ። ያንን ክርክር ዛሬ አልከፍተውም። ዛሬ የማነሳው የታሪኩን ጎን ብቻ ነው። በዚያ ዘመን የወሎ ዓሊሞች አንድ ትልቅ ችግር ነበረባቸው። ኪታቡ ዐረብኛ ነው፤ ገበሬው፣ እረኛው፣ ወፍጮ ላይ ያለችው እናት ደግሞ የሚያውቁት አማርኛ ነው። ዓሊሙ ደግሞ የግዕዙን ፊደል አልተማረም፤ የሚጽፈው በዐረብኛ ፊደል ነው። ስለዚህ አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል ጻፉት። ይህ ጽሕፈት «ዐጀም» ይባላል። ዐረብኛ ፊደል የሌላቸውን፣ እንደ ጨ እና ኘ ያሉ የአማርኛ ድምፆች ለመጻፍም የየራሳቸውን ዘዴ አበጁ።

የተውሒድ ትምህርት፣ የነቢዩ ﷺ ሲራ፣ የሶላት ሥርዓት፣ የአኺራ ማስጠንቀቂያ እንዲህ በግጥም ተሰናድቶ በቃል ይያዛል። ማንበብ የማትችል እናት በቃሏ ይዛ ለልጇ ታወርሰዋለች። ወረቀት ቢቃጠል፣ መንደር ቢፈርስ እንኳ በቃል የተያዘ ትምህርት አይጠፋም። ያ ትውልድ መጽሐፍ ሲቃጠል በዓይኑ ያየ ትውልድ ነው። ትምህርትን በሰው ልብ ውስጥ ማስቀመጥ ለምን እንደመረጠ ይገባኛል።

በሱረቱ አት-ተውባ 122ኛው አያ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ምእመናን ሁሉም ለዘመቻ እንዳይወጡ፣ ከየወገኑ አንድ ክፍል ሃይማኖቱን ተምሮ ወገኖቹን እንዲያስጠነቅቅ ያሳስባል። በዘመቻ አያዎች መካከል የትምህርት ትእዛዝ ነው የመጣው። ጦርነት ቢኖርም ደርስ አይዘጋም ማለት ነው። ሸይኽ ጦልሃ ሁለቱንም በአንድ ዕድሜ ኖረውታል።

4. ደርሱን ያቆመው ቤት

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምንዘለውን ነገር ላንሳ። ሸይኹን እናነሳለን፤ ቤታቸውን ግን አናነሳም።

ወሎ የዕውቀት አገር ናት ሲባል ቃሉ ባዶ አይደለም። ጀማ ንጉሥ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1743 ጀምሮ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኖሩት ሸይኽ መሐመድ ሻፊ ያቋቋሙት። ጌታ አለ፤ የሐጂ ቡሽራ ቦታ። ዳና አለ፤ ሾንኬ አለ። አንዱ በፊቅህ ይታወቃል፣ ሌላው በነሕው፣ ሌላው በተፍሲር። ደረሳው ስንቁን ይዞ ከአንዱ ሸይኽ ወደ ሌላው ይጓዛል። አንዱ ጋ የነወዊን ሚንሃጅ ይቀራል፤ ሌላው ጋ የኢብኑ ማሊክን አልፊያ፣ ያንን ሺህ ያህል ስንኝ ያለውን የሰዋስው ግጥም፣ በቃሉ ይይዛል፤ ሌላው ጋ ተፍሲሩል ጀላለይንን ይጨርሳል። አንድ ደረሳ ዓሊም ለመባል አሥር ዓመት፣ አሥራ አምስት ዓመት ይፈጅበታል።

ይህን ሁሉ ደረሳ ማን አበላው? መንግሥት በጀት አልመደበም። የሚያበላው የሸይኹ ቤትና ጎረቤቱ ነበር። የሸይኹ ባለቤት ለልጆቿ ብቻ አትጋግርም፤ ከየአገሩ ለመጣው ደረሳም ትጋግራለች። የሸይኹ ልጅ ከደረሳው ጋር እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ማታ አብሮ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ይቀራል። የሸይኹ ማሳ ሲታረስ ደረሳው በሬ ይዞ ይወጣል። ደርሱና ቤተሰቡ አንድ ነገር ነበር። ጥሩ አባት ያልሆነ ሰው እንዲህ ያለ ቤት ሊያቆም አይችልም፤ ሚስቱ ካልፈቀደች አንድ ሳምንት አይዘልቅም።

ነቢዩ ﷺ ከእኛ በላጩ ለቤተሰቡ በላጭ የሆነው መሆኑን አስተምረውናል። እኛ ግን የዓሊምን ትልቅነት በጻፈው ኪታብ ብዛት፣ የተዋጊን ትልቅነት በጣለው ጠላት ብዛት እንለካለን። ሸህዬ ከኦጋዴን ሲመለሱ እግራቸው አልዳነም ነበር። እርሻው ከበዳቸው። ባለቤታቸው ሐይቅ ገበያ ላይ ቅመም እየሸጡ ቤቱን ያዙ። እሳቸው ደግሞ ጠዋት የራሳቸውን ልጆች፣ ከሰዓት የሰፈሩን ልጆች ያቀሩ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም ዐረብኛ እንጂ አማርኛ መጻፍ አያውቁም ነበርና ከገዛ ልጃቸው ጎን ተቀምጠው ሀ ሁ ቆጠሩ። ያ የስም ዝርዝር ደብተር የተጻፈው በዚያ በዘገየ የእጅ ጽሑፍ ነው። አባት ከልጁ ሲማር አላፈረም። ይህንን የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም፤ ባለቤታቸው ናቸው።

5. በሌላ አገር የነበረ ተመሳሳይ ሰው

በዚያው ዘመን፣ ከእኛ ሩቅ፣ ተመሳሳይ ሕይወት የኖረ ሰው ነበር። አልጄሪያዊው አሚር ዓብዱልቃዲር።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1808 ነው። ከዓሊም ቤት የወጡ፣ ቁርኣን የያዙ ወጣት ነበሩ። ፈረንሳይ አልጄሪያን ስትወር፣ በ1832፣ በሃያ አራት ዓመታቸው ሕዝቡ መሪ አደረጋቸው። አሥራ አምስት ዓመት ተዋጉ። በ1847 መጨረሻ እጃቸውን ሲሰጡ ወደ ሙስሊም አገር እንዲሄዱ ቃል ተገብቶላቸው ነበር፤ ቃሉ ታጠፈና ከነቤተሰባቸው ፈረንሳይ ውስጥ ታሰሩ። አምቧዝ በሚባለው ግንብ ውስጥ ከቤተሰባቸውና ከተከታዮቻቸው ብዙዎቹ ሞተው እዚያው ተቀበሩ። በ1852 ተፈቱ፤ በ1855 ደማስቆ ገቡ። እዚያ ምን ሠሩ? ደርስ ዘረጉ፤ አስተማሩ።

በሐምሌ 1860 ደማስቆ ውስጥ በክርስቲያኖች ላይ ጭፍጨፋ ተነሳ። አሥራ አምስት ዓመት ክርስቲያን ነኝ ከሚል ጦር ጋር የተዋጉት፣ ልጅና ዘመድ በእስር ቤት የቀበሩት ሰው ምን ማድረግ ነበረባቸው? ተከታዮቻቸውን አስታጥቀው ወጡና በሺህ የሚቆጠሩ ክርስቲያኖችን ቤታቸው አስገብተው አተረፉ። የበደላቸውን ጦር ከጎረቤታቸው ጋር አላምታቱም። የሚገርመው፣ አሚሩ በ1883 ሲሞቱ የእኛ ወሎ በዚያ በማጥመቅ ዐዋጅ መከራ ውስጥ ነበረች።

የአሚሩን ታሪክ ዛሬ እንዲህ በዝርዝር የምናውቀው ለምንድን ነው? ልጃቸው መሐመድ የአባቱን ሕይወት ቁጭ ብሎ ስለጻፈ ጭምር ነው። የቤተሰብ ሥራ ነው።

የእኛንስ ማን ጻፈው? የወሎው ልጅ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ናቸው። በ1989 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሸይኽ ጦልሃ ሕይወት ጥናት አሳተሙ። በ2001 ደግሞ ስለ 19ኛው መቶ ዓመት የወሎ እስልምና መጽሐፍ አወጡ። ከሐሪማ ሐሪማ እየዞሩ፣ ሽማግሌ እየጠየቁ፣ በየቤቱ የተቀመጠ የብራናና የወረቀት ጽሑፍ እየመረመሩ ነው ያንን ያሰባሰቡት። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ወደ አኺራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። የጠየቋቸው ሽማግሌዎችም አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። እሳቸው ያኔ ባይጠይቁ ኖሮ ይህን ጽሑፍ እኔ ዛሬ አልጽፈውም ነበር።

6. ታሪክን ጥይት አናድርገው

አሁን በግልጽ የምናገረው ነገር አለኝ። የሚቆጣኝ ይኖራል፤ ግን ልናገረው።

ቦሩ ሜዳን በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የማየው ብዙ ጊዜ በስድብ መካከል ነው። አንዱ «ያኔ እንዲህ አደረጋችሁን» ይላል፤ ሌላው «እናንተስ በግራኝ ዘመን» ብሎ ይመልሳል። ታሪኩን ሁለቱም አላነበቡትም። እንደ ድንጋይ ይወራወሩታል።

እኛ ሐይቅ ያደግን ልጆች ነን። በሐይቁ ዳር የእስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ አዛን ሲወጣ ድምፁ በውኃው ላይ ያልፋል። የሰርግ ድግስ ላይ ለእስላም የተለየ፣ ለክርስቲያን የተለየ ምግብ አዘጋጅቶ አንድ ዳስ ውስጥ ማብላት ማንም ያላስተማረን ልማዳችን ነው። ብዙ ቤት ውስጥ አያትየው ሙስሊም፣ አጎትየው ክርስቲያን ናቸው። ይህ ያ ዘመን ትቶልን የሄደው ነገር ነው፤ በመከራም ቢመጣ ዛሬ ዘመድ ነው።

ከላይ ያነሳኋቸውን ኢማም መሐመድ ዓሊን ተመልከቱ። ሚካኤል ተብለው ራስ፣ በኋላም ንጉሥ ሆኑ። ልጃቸው ወይዘሮ ስሕን የአምባሰሉን ጃንጥራር አስፋውን አገቡ፤ ከእነሱም እቴጌ መነን ተወለዱ። ደሴ ያለው ወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት በእኒያ የኢማም ልጅ ስም ነው የተሰየመው። ስንቱ ሙስሊም፣ ስንቱ ክርስቲያን አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተምሮበታል። እንግዲህ ይህንን ዘር ከየት ጀምራችሁ ነው የምትከፍሉት?

በደሉን አንክድም። የተሰደዱትን፣ የሞቱትን አንረሳም። ዱዓም እናደርግላቸዋለን። ሸይኽ ጦልሃ ግን የተዋጉት ከአንድ ዐዋጅ ጋር ነበር። ዐዋጁ ሲነሳ የቀራቸውን ዕድሜ ቂም ሲቆጥሩ አልፈጁትም። እኛ ዐዋጁ ከሞተ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ ለምን በስልካችን ጦርነቱን እንቀጥላለን?

7. ከጦርነት ለተመለሳችሁ

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ በውጫሌ፣ በሐይቅ አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ እንደደረሰ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከእናንተ መካከል መሣሪያ የያዘ አለ። ወንድሙን የቀበረ አለ። እናቱን በጀርባው አዝሎ የሸሸ አለ። ዛሬ በየሰፈሩ ከግንባር የተመለሱ፣ ሌሊት እንቅልፍ የማይወስዳቸው፣ ሰው «ጀግና» ብሏቸው ሲያበቃ ሥራ የማይሰጣቸው ልጆች አሉ።

ወንድሜ፣ ሸይኽ ጦልሃ ጦራቸውን ሲሰቅሉ ሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ሸህዬ እያነከሱ ሲመለሱ ከዚያም ያነሱ ነበሩ። ሁለቱም ትልቁን ሥራቸውን የሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ያንተም ገና ነው። የምታውቀውን ሙያ ለአንድ ታናሽ ልጅ አስተምር። ፋቲሓን አስተካክለህ የምትቀራ ከሆነ ለጎረቤት ልጅ አስቀራ። ሚስትህና ልጆችህ ጋ ተቀመጥ። የሚያስጨንቅህ ነገር ካለም ለምታምነው ሰው ንገረው፤ ሐኪም ዘንድ መሄድም ነውር የለበትም።

ለሌሎቻችን ደግሞ ሥራ አለን።

በዚህ ሳምንት ከቤታችሁ ወይም ከሰፈራችሁ አንድ ሽማግሌ ምረጡ። ከዐስር ሶላት በኋላ ሂዱ፤ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ ስኳርም ቡናም ያዙ። ፈቃድ ጠይቃችሁ ድምፃቸውን በስልክ ቅዱ። ከጦርነቱ አትጀምሩ። «ማን አቀራዎት? እሱንስ ማን አቀራው? ደርሱ የት ነበር? ማን ያበላችሁ ነበር? ከማን ጋር አደጋችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጦርነቱ ራሱ ይመጣል፤ ባይመጣም አታስገድዱ። ሲጨርሱ ወደ ጓዳ ገብታችሁ ባለቤታቸውን ጠይቁ። እውነተኛው ታሪክ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።

በቤታችሁ የቆየ ኪታብ ወይም በዐጀም የተጻፈ ወረቀት ካለ ለነጋዴ አትሽጡ፤ ከቤት አታውጡት። ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱና ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ከውኃና ከምስጥ ጠብቁት። ማንበብ ባትችሉ እንኳ አንድ ቀን የሚያነበው ልጅ ይወለዳል።

ሰው ሲሞት የማይቋረጡለትን ሦስት ነገሮች ከሐዲስ ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ቀጣይ ሶደቃ፣ የሚጠቅም ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግ መልካም ልጅ ናቸው። ሁለተኛው የመምህር ድርሻ ነው። ሦስተኛው የአባት። ሸይኽ ጦልሃ ዕውቀቱን ትተውልን ሄደዋል፤ የዱዓው ተራ የእኛ ነው።

እኔም ያንን ባዶ ደብተር ባለፈው ጁሙዓ አወጣሁት። የሸህዬን ባለቤት ሄጄ ጠየቅኳቸው። ቡና አፍልተው፣ ፈገግ ብለው፣ «አሁን ነው የመጣኸው?» አሉኝ። አፈርኩ። ቀጥለው ግን «ተቀመጥ ልጄ፣ ከየት ልጀምርልህ?» አሉኝ። አራት ገጽ ጽፌያለሁ። ነገም እሄዳለሁ፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ለሸይኽ ጦልሃ፣ ለሸህዬና ላለፉት ዓሊሞቻችን ሁሉ ይዘንላቸው። ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።